የማትሪክ እንግሊዝኛ ከሺሺንዳ ሲታይ፦ ሰዋስው፣ ቃላትና ንባብ በሦስት ቋንቋዎች መካከል

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛ ወረቀት በተለመደው ቅርጹ 120 ጥያቄዎችን በ2 ሰዓት ያስጨርሳል። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ምንባቡን ማንበቢያውም ጊዜ የሚቀነሰው ከዚያችው ደቂቃ ላይ ነው። ጥያቄዎቹ ሁሉ ተማሪዎች «ቾይስ» የሚሏቸው፣ ባለ አራት አማራጭ ናቸው። ሰዋስው፣ የቃላት ፍቺ፣ የንግግር ልውውጥ፣ የተዘበራረቀ ዓረፍተ ነገርን ማስተካከል፣ የአንቀጽ ቅደም ተከተል፣ ሥርዓተ ነጥብና አንብቦ መረዳት ይጠየቁበታል። ተፈታኙ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር በእጁ ሳይጽፍ፣ አንድ ቃል ሳይናገርና ሳያዳምጥ ጨርሶ ይወጣል። የሚለካው ከቀረቡት አራት ውስጥ ትክክለኛውን ለይቶ የማወቅ ችሎታ ነው።

ይህ ቅርጽ የራሱ ሒሳብ አለው። ምንም የማያውቅ ሰው ሁሉንም በግምት ቢያጠቁር ከ120 ወደ 30 ገደማ ያገኛል። 40ውን በእርግጥ አውቆ 80ውን የሚገምት ደግሞ ወደ 60፣ ማለትም ወደ ግማሹ ይጠጋል። ከአራቱ አማራጮች ሁለቱን በምክንያት መጣል የቻለ ተፈታኝ የግምት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ይሆንለታል። ስለዚህ የልምምዱ ትልቁ ክፍል ትክክለኛውን መልስ ማግኘት ሳይሆን የቀሩት ሦስቱ ለምን እንደማይሆኑ መናገር መቻል ነው። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ሰብስቦ «37፣ ሲ» እያለ የሚሸመድድ ተማሪ ይህን አያገኝም፤ ጥያቄው በአንድ ቃል ሲለወጥበት መልሱ አብሮ ይጠፋበታል። መልስ ብቻ የመፈለግ ልማድ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. በአደባባይ ታይቷል። የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ በመሰራጨቱ ብሔራዊ ፈተናው በሙሉ ተሰርዞ በሰኔ መጨረሻ በአዲስ ወረቀት ተሰጠ።

«ማትሪክ» የሚለው ስያሜ ከፈተናው የአሁን ቅርጽ የበለጠ ዕድሜ አለው። በድሮው የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አማርኛ ካልታለፉ የሌላው ውጤት ብዙም አይረባም ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ሥርዓት ለወጠው፤ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተናም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ መልክ መሰጠት ያዘ። ቀጥሎ የመጣው ትልቅ ለውጥ ቦታን የነካ ነው፤ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በየትምህርት ቤታቸው መፈተናቸው ቀርቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተጓዙ። ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ።

ከዚህ ውጤት ውስጥ የእንግሊዝኛ ድርሻ በእንግሊዝኛው ወረቀት ነጥብ ብቻ አይለካም። ፊዚክሱም ታሪኩም ኢኮኖሚክሱም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። አፕቲትዩድ የተባለው ፈተናም የቃላት ዝምድናና ምንባብ የሚጠይቅ ክፍል አለው። የታሪክ ጥያቄ ላይ «ከሚከተሉት ውስጥ ያልሆነው የቱ ነው» የሚለውን አፍራሽ ቃል ዘልሎ ያለፈ ተማሪ ታሪኩን እያወቀ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ «እንግሊዝኛን በመጨረሻ ሳምንት እደርስበታለሁ» ተብሎ ሲገፋ የሚገፋው አንድ ትምህርት ብቻ አይደለም።

ከቦንጋ ወደ ሚዛን ተፈሪ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የካፋ ዞኗ ሺሺንዳ ይህን ጉዳይ ቀረብ አድርጎ ለማየት ትመቻለች። እዚያ ያለ ልጅ እንግሊዝኛን ሁለተኛ ቋንቋዬ ሊለው አይችልም፤ በቤቱ ካፊኖኖ፣ በገበያውና በመሥሪያ ቤቱ አማርኛ ቀድመውታል። በቀድሞው የደቡብ ክልል አሠራር የአፍ መፍቻ ቋንቋ በመጀመሪያዎቹ የክፍል ደረጃዎች ካገለገለ በኋላ እንግሊዝኛ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ ይሆን ነበር፤ በአማራ ክልልና በአዲስ አበባ ከ7ኛ፣ በኦሮሚያ ከ9ኛ። ትምህርት ሚኒስቴር አስጠንቶት በ1999 ዓ.ም. የቀረበው የካትሊን ሂውና የባልደረቦቿ ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ አሳይቷል። ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ መግባት እንግሊዝኛን ያዳብራል የሚለው እምነት ግን ከጥናቱ በኋላም በወላጆች ዘንድ አልተነቀነቀም።

በፊደሉም በኩል አንድ እንቅፋት አለ። ካፊኖኖ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ሲሆን እንደተጻፈ ይነበባል፤ ረጅም አናባቢ ፊደሉን በመድገም ይታያል። «ኖኖ» የሚለው ቃል ራሱ፣ አፍም ቋንቋም ማለት ሲሆን፣ በተደጋገመ «ኦ» ይጻፋል። ያው የተደገመ ፊደል በእንግሊዝኛው «ጨረቃ» ውስጥ ሲገባ ግን ድምፁ ረጅም «ኡ» ነው፤ በ«ደም» ውስጥ ደግሞ ወደ አጭር «አ» ይቀየራል። ልጁ ፊደሉን ያውቀዋል፤ ፊደሉ ግን እዚህ ሌላ ጠባይ አለው። በሌላ በኩል አማርኛ የማይለየውን የአናባቢ ርዝመት ካፊኖኖ ስለሚለይ፣ የካፋ ልጅ በእንግሊዝኛ «መርከብ» እና «በግ» የሚሉትን ቃላት በጆሮው ለመለየት ከአዲስ አበባው እኩያው የተሻለ መነሻ አለው። ፈተናው ጆሮን ስለማይጠይቅ ይህ ጸጋ ነጥብ አያስገኝም።

ሰዋስውን በተመለከተ በገበያ ላይ ያሉት ማጠናከሪያ መጻሕፍት ሕግ መዘርዘር ይወዳሉ። ተፈታኙን የሚጥሉት ግን ያልተማራቸው ሕጎች ሳይሆኑ ቀድሞ የሚያውቀው ቋንቋ የሚጎትትባቸው ቦታዎች ናቸው። ከማይቀሩት ጥያቄዎች አንዱ የሌላን ሰው ንግግር ማስተላለፍ ነው። አማርኛ «አልማዝ ነገ ቦንጋ እሄዳለሁ አለች» ይላል፤ የተናጋሪዋ «እኔ» እና «ነገ» ሳይነኩ ይቆያሉ። እንግሊዝኛው ሦስት ነገር እንዲለወጥ ይፈልጋል፦ «እኔ» ወደ «እሷ»፣ «ነገ» ወደ «በማግስቱ»፣ የወደፊቱ ግሥ ደግሞ ወደ ኃላፊ መልኩ፣ «ዊል» ወደ «ዉድ»። ይህ ሁሉ እንደ አዲስ ነገር ሲቀርብ ተማሪው ይደነግጣል። ነገር ግን አማርኛ ሌላም መንገድ አለው፤ «አልማዝ በማግስቱ ቦንጋ እንደምትሄድ ተናገረች» ይላል። እዚህ ላይ መደቡና ጊዜ አመልካቹ ተለውጠዋል፤ ከሦስቱ ለውጦች ሁለቱ በተማሪው አፍ ውስጥ አሉ ማለት ነው። የቀረው «እንደምትሄድ» ወደ ኃላፊ አለመዞሩ ብቻ ነው፤ ትምህርቱም ልምምዱም ያረፈበት ቢሆን የሚበጀው እዚያ ላይ ነው።

ሁኔታን የሚገልጹ ዓረፍተ ነገሮችም እንዲሁ ናቸው። «ቢያጠና ኖሮ ያልፍ ነበር» የሚለው «ኖሮ» ነገሩ ያለፈና ያልሆነ መሆኑን በማያሻማ ሁኔታ ይናገራል፤ የእንግሊዝኛው ሦስተኛ ዓይነት የሁኔታ ዓረፍተ ነገርም የሚለው ይህንኑ ነው። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ዓይነት ነው። አማርኛው «ገንዘብ ቢኖረኝ እገዛ ነበር» ሲል «ቢኖረኝ» ኃላፊ አይመስልም፤ እንግሊዝኛው ግን በዚያ ቦታ የኃላፊ ግሥ ያስገባል። ተማሪው ስሜቱን ተከትሎ «ዉድ»ን «ኢፍ» ካለበት ሐረግ ውስጥ ይከታል። ጥያቄ አውጪውም ይህን ያውቃል፤ ከአራቱ አማራጮች በአንዱ ያንኑ ስህተት አስቀምጦ ይጠብቃል።

ሌሎቹ ባጭሩ ሊታለፉ ይችላሉ። «ምንም እንኳ ቢደክመውም፣ ግን መጣ» ከሚለው ልማድ «ኦልዞ» እና «በት» በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገናኛሉ። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» በሚለው ሳቢያ «ዲስከስ» ከተባለው ግሥ ኋላ «አባውት» ይጨመራል። «ከ2010 ጀምሮ እዚህ ይኖራል» የአሁን ጊዜ ስለሆነ እንግሊዝኛውም የአሁን ሆኖ ይቀራል፤ ትክክለኛው ግን ከኃላፊ እስከ አሁን የሚዘልቀው የግሥ መልክ ነበር። በንግግር ልውውጥ ክፍል ደግሞ «አልመጣም?» ሲባል «አዎ፣ አልመጣም» የሚለው የአማርኛ መልስ በእንግሊዝኛ «ኖ» መሆኑ ብዙዎችን ያስታል።

በቃላት ረገድ በየደብተሩ ጀርባ የሚታየው ዝርዝር የታወቀ ነው፦ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ቃል፣ መሐል ላይ የእኩልነት ምልክት። ያ ምልክት ነው የሚያሳስተው። ከካፋ ሕይወት ምሳሌ ለመውሰድ፣ የጫካ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንደሚበቅል የሚያወሳ ምንባብ ቢቀርብ፣ ጥላ ማለት የሆነው የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ የማምረቻ «ሼድ» ከምንለው ጋር በድምፅ ይቀራረባል። ሌላው የእንግሊዝኛ «ሼድ» ደግሞ ግሥ ሆኖ ቅጠል ማርገፍ ማለት ይሆናል። አንድ ቡና ሦስት «ሼድ» ያገናኛል፤ የሚለያቸው በዙሪያቸው ያሉት ቃላት ናቸው። የፈተናው የቃላት ጥያቄም ብዙውን ጊዜ ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስምሮ የቅርብ ፍቺውን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ከዓረፍተ ነገር ጋር ያልተጻፈ ቃል ለፈተናው ግማሽ ቃል ነው። ለቃላት ቤተሰብ ግን የአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም። ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ፣ አጻጻፍ እያለ ያደገ ሰው ከአንድ የእንግሊዝኛ ሥር ስሙን፣ ግሡን፣ ቅጽሉንና ተውሳከ ግሡን አብሮ መመዝገብ አይከብደውም፤ እንዲያ ሲደረግ አራት ጥያቄ በአንድ መስመር ይጠናል።

ንባብ ከሁሉ በላይ ነጥብ የሚበላና ከሁሉ ያነሰ ልምምድ የሚደረግበት ክፍል ነው። 400 ቃላት ያሉት ምንባብ 10 ጥያቄ ቢኖረው 10 ደቂቃ ይደርሰዋል። በደቂቃ 80 ቃል የሚያነብ ተማሪ አምስቱን ደቂቃ በአንድ ጊዜ ንባብ ይጨርሳል፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚተርፈው ግማሽ ደቂቃ ነው። የዝግታው ምክንያት ሁልጊዜ የቃላት እጥረት አይደለም። አማርኛም ካፊኖኖም ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፤ አንባቢው ዓረፍተ ነገሩ እስኪዘጋ መታገሥን ለምዷል። «ገበሬው ከጫካ የለቀመው ቡና» ሲባል ገላጩ ከስሙ ይቀድማል፤ በእንግሊዝኛ ቡናው ቀድሞ ለቃሚው ይከተላል፤ ዋናው ግሥም ከዚያ በኋላ ይመጣል። የአማርኛውን ሥርዓት ይዞ የሚያነብ ተማሪ ወደ ኋላ እየተመለሰ እያንዳንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ያነባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በልምምድ ወቅት በየዓረፍተ ነገሩ ባለቤቱንና ዋናውን ግሥ በእርሳስ ማስመር፣ የቀረውን እንደ ማብራሪያ ማየት። ከሁለት ወር በኋላ ዓይን ያለ እርሳስ ይለየዋል።

«በ12ኛው መስመር ያለው ተውላጠ ስም ማንን ያመለክታል» ዓይነት ጥያቄም ከዚሁ ይመነጫል። የአማርኛ ግሥ «መጣች» ሲል ጾታውንም ቁጥሩንም ተሸክሞ ነው፤ የእንግሊዝኛው «ዘይ» ግን ሰዎችን፣ ዛፎችንና ሐሳቦችን እኩል ይተካል። እዚህ ላይ የሚረዳው አማራጩን በተውላጠ ስሙ ቦታ አስገብቶ ማንበብና ትርጉም መስጠቱን ማየት ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚሆን የንባብ ጽሑፍ ሺሺንዳ ውስጥም ሩቅ አይፈለግም። የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፉ በየምዕራፉ ምንባብ አለው፤ ይበልጥ የተረሳው ግን የባዮሎጂና የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነው፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ የተጻፉና ለፈተናው የሚፈለጉ ናቸው። ከጂኦግራፊ አንድ ገጽ መርጦ ርእሰ ሐሳቡን በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ ከዚያ አምስት ጥያቄ ራስ አውጥቶ ከጓደኛ ጋር መለዋወጥ ሁለት ትምህርት በአንድ ሰዓት ያስጠናል። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ስለተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራም የተጻፈ እንግሊዝኛ ብዙ ነው። ደኑን በእግሩ የሚያውቅ ልጅ ሲያነበው የማያውቀውን ቃል ከሚያውቀው ነገር ይገምታል፤ አገባብን አይቶ ፍቺ መገመት የሚለመደውም በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁት ትምህርቶች በሳተላይት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በእኩል ፍጥነት ይተላለፉ ነበር፤ ተማሪው ግን አቁሞ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም ነበር። መጽሐፍ የሚበልጠው በዚህ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው ከወረቀት ጎን ለጎን በኮምፒውተርም መሰጠቱ ልምምዱን በአንድ ነገር ይነካዋል። በስክሪን ላይ እርሳስ አያሰምርም። ባለቤትና ግሥ በማስመር የለመደ ተማሪ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ምንባቡን ሳይነካ፣ በባዶ ወረቀት ላይ የየአንቀጹን ዋና ሐሳብ በሁለት በሦስት ቃል እየጻፈ ቢለማመድ ይሻለዋል፤ ኮምፒውተር በሌለበት ትምህርት ቤት መጽሐፉን ራቅ አድርጎ በማቆም ይህንኑ ማድረግ ይቻላል።