ተያዥ ያጣ ሙያ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሜይ 1930 አርባ ገደማ ወጣት ጥፋተኞች ለንደን አጠገብ ካለው የፌልተም ማረሚያ ወጥተው ወደ ሰሜን በእግራቸው መጓዝ ጀመሩ። ካቴና የለም፤ የታጠቀ ዘብም የለም። የሚመራቸው ቢል ለዌሊን የተባለ የማረሚያ ኃላፊ ነበር። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ኖቲንግሃም አቅራቢያ ሎውደም ግሬንጅ ሲደርሱ ድንኳን ተከሉ፤ መሠረት ቆፈሩ፤ የሚታረሙበትን ቤት በገዛ እጃቸው መሥራት ያዙ። አጥር ግን አላጠሩም። ቦታው ያለ አጥር እንዲሆን አስቀድሞ ተወስኖ ነበር።

እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ማረሚያ "ቦርስታል" ይሉታል። ስሙ ኬንት ውስጥ ካለች መንደር የመጣ ነው። የወህኒ ቤቶች የበላይ የነበረው ሰር ኤቭሊን ራግልስ ብራይስ በ1902 ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 21 የሆነውን ከጎልማሳ እስረኞች ለይቶ በዚያች መንደር ወህኒ ማሠልጠን ጀመረ፤ በ1908 አሠራሩ ሕግ ሆነ። ሐሳቡን የቀዳው ከአሜሪካ ነው። ኒው ዮርክ ያለው የኤልማይራ ማረሚያ ከ1876 ጀምሮ ለወጣት እስረኞች ሙያ በማስተማር ስሙ ገንኖ ነበር። (ያው ኤልማይራ አለቃው ዘቡሎን ብሮክዌይ ታራሚዎችን በጠፍር ይገርፋል ተብሎ በ1890ዎቹ የተመረመረበት ቦታም ነው።)

ስለ ቦርስታል ሲወራ የአናጢነቱ፣ የግንበኝነቱና የእርሻው ትምህርት ነው የሚነሣው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ራግልስ ብራይስ ሥልጠናውን ሲጀምር አብሮ የቦርስታል ማኅበር የሚባል አቋቁሟል። የማኅበሩ ሥራ ልጁ ሲፈታ መቀበል፣ ማደሪያ ማፈላለግና አሠሪ ማነጋገር ነበር። ልጁ መዶሻ መያዝ ቢችልም መዶሻውን የሚያስይዘው ሰው ካላገኘ ትምህርቱ ከንቱ እንደሚቀር ሰውዬው ገብቶታል ማለት ነው። በ1930ዎቹ ከቦርስታል ከወጡት ከአሥሩ ሰባት ያህሉ እንደገና አልተፈረደባቸውም ይባል ነበር። በ1970ዎቹ ቁጥሩ ተገለበጠ፤ ከአሥሩ ሰባት ያህሉ እንደገና የሚፈረድባቸው ሆኑ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥሩ ጥሩ ሠራተኞችን ወስዷል፤ ቤቶቹ ተጨናንቀዋል፤ የሚላኩት ልጆችም በወንጀል የጠነከሩ ሆነዋል። በ1982 በወጣ ሕግ ቦርስታል ከእንግሊዝ ቀረ። ስሙ ግን ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ዛሬም አለ፤ ሺኩሳና ሺሞ ላ ቴዋ የሚገኙት የወጣት ማረሚያዎች የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው።

ከእንግሊዙ ይልቅ እኔን የሚስበኝ የዩክሬኑ ታሪክ ነው። በ1920 የሩሲያው የእርስ በርስ ጦርነት ገና ሳይበርድ፣ አንቶን ማካሬንኮ የሚባል መምህር ፖልታቫ አጠገብ ጥቂት ወጣት ሌቦችና ቀማኞች ተሰጥተውት የጎርኪ ኮሎኒ የተባለውን ማረሚያ ጀመረ። መጀመሪያ ረኃብና ድብድብ ነበር። ቆይቶ እርሻው ያዘላቸው። በ1927 ደግሞ ካርኪቭ ውስጥ የሶቪየቱ የጸጥታ መሥሪያ ቤት በመሥራቹ በድዘርዢንስኪ ስም ያቋቋመውን ሌላ የልጆች ማኅበር ተረከበ። በዚህኛው ግን ልጆቹ ለመለማመጃ የሚሆን በርጩማ እየሠሩ አልቀሩም፤ እውነተኛ ፋብሪካ ተከፈተላቸው። የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሠሩ። ቀጥለው የጀርመኑን ላይካ ካሜራ ፈታትተው አጠኑና በ1934 ፌድ የተባለውን ካሜራ በብዛት ማምረት ጀመሩ። ፌድ የፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ድዘርዢንስኪ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። በእኛ አገር "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ይባላል፤ እነዚያ የጎዳና ልጆች ያቦኩት ግን ዛሬም አሮጌ ካሜራ የሚሰበስቡ ሰዎች የሚሻሙበት ነው። ልጆቹ ደመወዝ ያገኙ ነበር፤ ትምህርታቸውንም ጎን ለጎን ይከታተላሉ። አሠልጣኙና ቀጣሪው አንድ ስለነበሩ "ማን ይቀጥረኛል?" የሚለው ጥያቄ ቢያንስ እዚያ እስካሉ ድረስ አልተነሣም።

ይህን ሳወድስ ገንዘቡ የማን እንደነበር አልረሳም። አቋቋሚው ያው በሌላ እጁ ሰው የሚያሥርና የሚረሽን መሥሪያ ቤት ነው። በኤፕሪል 1935 የሶቪየት መንግሥት ከ12 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆች እንደ ትልቅ ሰው እንዲቀጡ አዋጅ አወጣ። ማካሬንኮም በዚያው ዓመት ማኅበሩን ለቀቀ። የካሜራው ምርት ግን ቀጠለ።

የማካሬንኮን መንገድ ሳያውቁት የተከተሉ የሚመስሉኝ የሎስ አንጀለሱ ካቶሊክ ቄስ አባ ግሬግ ቦይል ናቸው። በ1980ዎቹ የሚያገለግሉበት ደብር በወሮበላ ቡድኖች የተከበበ ነበር፤ የሰፈሩን ልጆች መቅበር ታከታቸው። በ1988 ልጆቹን ሥራ ለማስያዝ ቢነሡ ፊቱ ላይ የቡድን ንቅሳት ያለበትን ልጅ ማን ይቀጥራል? ስለዚህ በ1992 የፊልም ፕሮዲዩሰሩ ሬይ ስታርክ በሰጠው ገንዘብ ዳቦ ቤት ከፈቱ። ትናንት ይታኮሱ የነበሩ የተቃራኒ ቡድን ልጆች በአንድ ቡሓቃ ዙሪያ ቆሙ። ሥልጠናው 18 ወር ነው፤ ንቅሳትም በጨረር በነፃ ይነሣል። በ2010 ገንዘብ አልቆ አብዛኛውን ሠራተኛ እስከማሰናበት ደርሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ በትርፍ ብቻ እንደማይቆም አባ ቦይልም አይክዱም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ስዊዛዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው፣ በእኛ አቆጣጠር የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፣ እሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ለወጣት ጥፋተኞች ያላቸው ቦታ ለዘመናቸው የተሻለ ነው። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ደግሞ የሚፈረድበት በተለየ ሥርዓት ነው፤ ፍርድ ቤቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም ሊልከው ይችላል። ሕጉ እዚያ የሥነ ምግባርና የሙያ ትምህርት ይሰጠው ይላል። ጽሑፉ ያማረ ነው። ነገር ግን ልደታ ያለው የአዲስ አበባ ተቋም ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። ጎጃም ወይም ሲዳማ ውስጥ ያጠፋ ልጅ የሚውለው ከጎልማሶች ጋር ነበር ማለት ነው።

ተቋም ቢበዛም ልጁን ሲወጣ ሁለተኛ በር ይጠብቀዋል። ልጁ ብየዳ ወይም እንጨት ሥራ ተምሮ ወጣ እንበል። ጋራዥ ሄዶ ቢጠይቅ የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን ትችላለህ?" አይደለም፤ "ተያዥ አለህ?" ነው። ደመወዝተኛ ሆኖ የሚፈርምለት ሰው ከየት ይምጣ? ዘመዱ አፍሮበታል፤ ጎረቤቱ ያውቀዋል። ትልቅ ድርጅት ከሆነ ደግሞ ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት ይጠየቃል። ሕጉ ራሱ "መሰየም" የሚል መንገድ አለው፤ የተቀጣ ሰው ጊዜው ሲደርስ ፍርዱ ተሠርዞለት ስሙ የሚታደስበት ነው። የጋራዡ ባለቤት ግን ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅም መፍቻ እንዳይጠፋበት ይፈራል። አልፈርድበትም። የራግልስ ብራይስ ማኅበር ይሞላ የነበረው ይህንኑ ክፍተት ነው፤ አሠሪውን የሚያነጋግረው ልጁ ሳይሆን ማኅበሩ ነበር።

ዕድር፣ ሰንበቴ፣ ማኅበር የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ማድረግ አያቅተውም። አንድ ዕድር በዓመት ለአንድ ልጅ ተያዥ ቢሆን፣ መፍቻ ቢጠፋ ከዕድሩ ሣጥን ቢከፈል፣ ወጪው ከአንድ ድንኳን ዋጋ የሚያንስ ይመስለኛል። የዕድር ዳኛ ከሆኑ በሚቀጥለው ስብሰባ ያንሡት። ጋራዥ ካለዎት ደግሞ ተያዡን ከመጠየቅዎ በፊት ልጁን አንድ ብረት አስበይደው ይዩት።