ፀ

ፀ («ፀሐዩ ፀ»፣ በግዕዝ ስሙ ፀጳ) በግዕዝ ፊደል በሀለሐመ ተራ 24ኛው ሆሄ ነው። ሰባቱ ቅርጾቹ ፀ፣ ፁ፣ ፂ፣ ፃ፣ ፄ፣ ፅ፣ ፆ ናቸው። በአማርኛ ንባቡ 23ኛው ከሆነው ከጸ («ጸሎቱ ጸ») ጋር አንድ በመሆኑ ሁለቱ ሞክሼ ሆሄያት ይባላሉ። ጆሮ ባይለያቸውም፣ በጽሑፍ ሆሄው ቃሉ ከየትኛው የግዕዝ ሥር እንደመጣ ያሳያል።

ስያሜ

ሞክሼ ሆሄያት በቃል ሲጠሩ የሚለዩት በምሳሌ ቃል ነው፤ ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ እንደሚባለው ነው። ፀ «ፀሐዩ» የተባለው «ፀሐይ» የሚለው ቃል ስለሚጻፍበት ነው።

አመጣጥ

በጥንታዊ ግዕዝ ጸ እና ፀ የተለያዩ ድምፆች ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ድምፆቹ አንድ ሲሆኑ ሁለቱ ሆሄያት ግን በጽሑፍ ቀሩ። በአማርኛ የብዙ ቃላት ድምፅ ከዚህም አልፎ ወደ ጠ ተለውጧል፦ ጾም ጦም፣ ጸጉር ጠጉር፣ ፀብእ (ጦርነት) ደግሞ ጠብ ሆኗል። በትግርኛም ሁለቱ ሆሄያት በድምፅ አይለያዩም፤ በኢትዮጵያ በብዛት ፀ፣ በኤርትራ ደግሞ ጸ ይጻፋል።

በፀ የሚጻፉ ቃላት

* ፀሐይ
* ዕፅ፦ ዛፍ፣ እንጨት። ብዙው ዕፅዋት ነው። «ዕፀ በለስ» እና «አደንዛዥ ዕፅ» ከዚሁ ቃል የመጡ ናቸው።
* ሕፃን
* ፅንስ
* ድምፅ
* ፀር፦ ጠላት

ጸሎት፣ ጸጋ፣ ጾም፣ ጽድቅ፣ ጽሕፈት፣ ገጽ እና ጽዮን ግን በግዕዝ ሥራቸው በጸ ይጻፋሉ።

ሆሄው ሲለወጥ ትርጉሙም የሚለወጥበት ጊዜ አለ። በግዕዝ «ዐጸድ» ግቢ ወይም የታጠረ ቦታ ሲሆን «ዐፀደ» ደግሞ አጨደ ማለት ነው። ስለዚህ የትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤት በሥሩ መሠረት «ዐጸደ ሕፃናት» ነው፤ የመጀመሪያው ቃል በጸ፣ ሁለተኛው በፀ ይጻፋል። ዛሬ በብዛት የሚታየው ግን «አፀደ ሕፃናት» የሚለው አጻጻፍ ነው።

የሰው ስሞች

ፀሐይ እና ፀሐዬ ከዚህ ሆሄ የሚጀምሩ የታወቁ ስሞች ናቸው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ (1912–1934 ዓ.ም.) በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረዋል። ከሞታቸው በኋላ በአዲስ አበባ የመታሰቢያ ሆስፒታል ተሠርቶላቸዋል፤ ይኸው ሆስፒታል በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኗል። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጋር ተያይዛ የምትታወቀው፣ በኢትዮጵያ የተሠራችው አውሮፕላንም በስማቸው «ፀሐይ» ተብላለች፤ ለብዙ ዘመን ጣሊያን ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመልሳለች።

ጸጋዬ «ጸጋ» ከሚለው ቃል ስለሚመጣ ሥሩ በጸ ነው። ሆኖም «ፀጋዬ» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። የባለቅኔው የጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም ሳይቀር በሁለቱም ሆሄያት ተጽፎ ይገኛል።

የቦታ ስሞች

በአዲስ አበባ ሰሜን የሚገኘው የጉለሌ ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው ከጉለሌ የኦሮሞ ጎሣ ነው። «ጉለሌ» በሚለው ስም ውስጥ ሞክሼ ሆሄ ስለሌለ አጻጻፉ አያከራክርም። የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ግን «ዕ» እና «ፅ» ስላሉበት ሁለተኛው ቃል ዕፅዋት፣ ዕጽዋት፣ እፅዋት ወይም እጽዋት ተብሎ በአራት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ከግዕዝ ሥሩ ጋር የሚስማማው የመጀመሪያው ነው።

በሰሜን ኢትዮጵያም የጸ እና የጠ መፈራረቅ በቦታ ስሞች ላይ ይታያል። ጣና በቀድሞ ጽሑፎች «ጻና» ነው። ጠለምት እና ጠገዴ በትግርኛ ጸለምት እና ጸገዴ ይባላሉ።

ከጃፓንኛ ጋር ሲነጻጸር

ጃፓንኛ ከቻይና በወሰዳቸው ምልክቶች (ካንጂ) እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ትርጉም አለው። ለምሳሌ «ፀሐይ» ማለት የሆነው ምልክት በአገሪቱ ስም በኒሆን («የፀሐይ መነሻ»)፣ በኒኮ ከተማ ስም («የፀሐይ ብርሃን») እንዲሁም ሂዳካ በሚለው የቤተሰብና የቦታ ስም ውስጥ ይገኛል፤ ንባቡ ግን «ኒ» ወይም «ሂ» እያለ ይለዋወጣል። በግዕዝ ፊደል ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ ፀ ብቻውን ድምፅ እንጂ ትርጉም የለውም፤ ንባቡም አይለወጥም። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው፣ ጆሮ የማይለየውን የቃል ዝምድና ዐይን ከጽሑፉ መለየት መቻሉ ነው።

በኮምፒዩተር

የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ሞክሼ ሆሄያት የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ጸ 1338፣ ፀ 1340 ነው (በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር)። ስለዚህ ለኮምፒዩተር «ጸጋዬ» እና «ፀጋዬ» ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። «ፀሐይ» ደግሞ ጸ ወይም ፀ፣ ቀጥሎም ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊገባበት ስለሚችል ንባቡ ሳይለወጥ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። በትምህርት ማስረጃ ላይ በአንዱ፣ በመታወቂያ ላይ በሌላው ሆሄ የተመዘገበ ሰው በፍለጋ ላይገኝ ወይም ሁለት ሰው መስሎ ሊታይ ይችላል።

ለዚህም የአማርኛ ፍለጋና የቋንቋ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ሆሄ ይለውጣሉ። ለውጡ በዋናው ጽሑፍ ላይ ከተደረገ ግን የትርጉም ልዩነት ይጠፋል፦ በግዕዝ «ሠረቀ ፀሐይ» ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው። ስለዚህ የባለቤቱን አጻጻፍ እንዳለ አስቀምጦ የተዋሐደውን ቅጂ ለፍለጋ ብቻ ማዋል ሁለቱንም ችግር ያስቀራል።