ስለ መቶው ተረት ጉባኤ

ሰው ከሚያስፈራው ነገር መሸሽ የባሕርዩ ሆኖ ሳለ፣ ወዳጆቹን ሰብስቦና መብራቱን አጥፍቶ ፍርሃትን ሊታደም የሚቀመጥበት ልማድ ከወዴት እንደ መጣ ለሚመረምር፣ የጃፓን ታሪክ ግልጥ ምስክር ይሰጠዋል፤ በዚያ አገር ዛሬ በሲኒማና በቪዲዮ ጨዋታ የሚታየው አስፈሪ ትርኢት፣ በኤዶ ዘመን «ህያኩሞኖጋታሪ ካይዳንካይ»፣ ማለት የመቶ አስፈሪ ተረቶች ጉባኤ ይባል ከነበረው ማኅበር ይወለዳልና።

አሳይ ርዮኢ የተባለው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1666 ባሳተመው «ኦቶጊቦኮ» እንደ ገለጠው፣ ታዳሚዎቹ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ተሰብስበው፣ በሰማያዊ ወረቀት በተሸፈነ ማኅቶት መቶ ፈትል ለኩሰው፣ አንድ ተረት በተፈጸመ ቍጥር አንድ ፈትል ያጠፉ ነበር። ልማዱ ሲስፋፋ ማኅቶቱን በሌላ ክፍል ማኖር ስለ ተለመደ፣ ተረቱን የጨረሰው ሰው ብቻውን ተነሥቶ፣ ጨለማውን በዳሰሳ አልፎ፣ ፈትሉን አጥፍቶና ፊቱን በመስተዋት ተመልክቶ ወደ ማኅበሩ ይመለሳል። መቶኛው ሲጠፋ እውነተኛ መንፈስ ይገለጣል ተብሎ ስለሚታመን ግን፣ ብዙዎች ዘጠና ዘጠነኛው ላይ አቁመው ንጋትን ይጠባበቁ ነበር።

በመጀመሪያ የሳሙራይ ወጣቶች ድፍረት መፈተኛ ነበረ የሚባለው ይህ ሥርዓት ወደ ነጋዴውና ወደ ከተሜው ቤት በገባ ጊዜ፣ ለአንድ ሌሊት መቶ ተረት ማግኘት ቀላል አልነበረምና፣ አሳታሚዎች ከየአውራጃው ተረት እያሰባሰቡ በ1677 «ሾኮኩ ህያኩሞኖጋታሪ»ን፣ ከእርሱም በኋላ ብዙ መሰሎቹን አወጡ። በ1825፣ በሙቀቱ ወራት፣ ጸሐፌ ተውኔት አራተኛው ጹሩያ ናንቦኩ ባሏ የካዳትን፣ መርዝ ጠጥታም ፊቷ የተበላሸውን የኦይዋን ታሪክ በካቡኪ መድረክ አቀረበ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ሠዓሊው ሆኩሳይ «መቶ ተረት» ብሎ በሰየማቸው፣ ዛሬ አምስቱ ብቻ በሚታወቁት ሥዕሎቹ የኦይዋን ፊት በፋኖስ ላይ ሣለው።

በግሪክ ደሴት ተወልዶ በ1890 ጃፓን የገባው ጸሐፊ ላፍካዲዮ ሄርን፣ ሚስቱ ሴጹ ከምትተርክለትና ከጥንት መጻሕፍት ያገኘውን አጠናቅሮ በ1904 «ክዋይዳን»ን አሳተመ፤ ማሳኪ ኮባያሺም ከሄርን ተረቶች በ1964 በሠራው ፊልም በካን ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ተቀበለ። ሂደዮ ናካታ በ1998 በ«ሪንጉ» ፊልሙ ያሳየው፣ ነጭ ለብሶና ፊቱን በረጅም ጠጕር ሸፍኖ ከቴሌቪዥን የሚወጣው የሳዳኮ መንፈስ፣ አለባበሱን የወረሰው ከኤዶ ዘመን ሠዓሊዎች ነው።

ነገር ግን ሲኒማ የተራኪውን ወንበር ሲወርስ አድማጩን በተቀመጠበት ተወው እንጂ፣ ተነሥቶ በጨለማ የመሄድን ፈተና ሊመልስለት አልቻለም። ይህን የመለሰው የቪዲዮ ጨዋታ ነው። በ1989 የኪዮሺ ኩሮሳዋ ፊልም «ስዊት ሆም» ሲወጣ የጨዋታ አምራቹ ካፕኮም በዚያው ዓመት ያንኑ ታሪክ ፋሚኮም ለተባለው መሣሪያ ጨዋታ አደረገው፤ ከእርሱም ሺንጂ ሚካሚ በ1996 የመራው፣ በውጭ አገር «ረዚደንት ኢቭል» የተባለው «ባዮሃዛርድ» ተፀነሰ። በዚህ ጨዋታ መዝጊያውን የሚከፍትና በአዳራሹ የሚዘልቅ ተጫዋቹ ራሱ ነው፤ መብራት አጥፍተው በዙሪያው የሚቀመጡት ወዳጆቹም የጥንቱን ታዳሚ ስፍራ ይዘዋል።

የአስፈሪ ትርኢት ወዳጆችን ክፋትን ወደዱ ብሎ የሚነቅፍ ሰው ስለዚህ የልማዱን መሠረት ስቷል። ጉባኤው ፍርሃትን በቍጥር ወሰነ፣ ለደፋሩም የሚመለስበትን ማኅበር አዘጋጀ፤ ተረቱም መሣሪያውም በየዘመኑ ሲለወጥ፣ የሰው ልጅ ጽልመትን ያለ ጕዳት ሊለማመድ የቻለው በዚህ ሥርዓት ነው።