የወረቀት ልጆች

አዲስ አበባ ውስጥ «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» የሚል ሰው የማታውቁ ካላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ማንም የለም አይደል? ባል አሜሪካ ነው፣ ሚስት እዚህ ትጠብቃለች። እናት ልጆቿን ልትወስድ ነው። እህት ለወንድሟ ካመለከተች አሥር ዓመት አልፏታል። ከሠርጉ ፎቶ ጥሩ ጥሩው ተመርጦ ለኤምባሲ ይቀመጣል፤ የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የባንክ ሐዋላ ደረሰኝ በአንድ ፋይል ይታሰራል። ይህ ሁሉ ወረቀት የሚሰበሰበው ለአንዲት ጥያቄ መልስ ነው፦ እናንተ በእርግጥ ቤተሰብ ናችሁ?

ጥያቄዋ በእኛ አልተጀመረችም። ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ አላት፤ ታሪኳም የሚጀምረው ከቻይናውያን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እሳት የበላው መዝገብ

በ1882 አሜሪካ የቻይና የጉልበት ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ አንድ የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት «የሠራተኛ ሚስትም እንደ ሠራተኛ ትቆጠራለች» አለ። ቀድሞ የገባው ወንድ ሚስቱን ማምጣት አልቻለም ማለት ነው። ቀዳዳ የተተወው ለጥቂቶች ብቻ ነበር፦ ለነጋዴ፣ ለተማሪ፣ ለዲፕሎማት፣ እንዲሁም አሜሪካ ውስጥ ለተወለደ። እዚያ የተወለደ ቻይናዊ ዜጋ መሆኑን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1898 አረጋግጧል። ቻይና የተወለደ ልጁም ዜጋ ነው፣ መግባት ይችላል።

ሚያዝያ 18 ቀን 1906 ሳንፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። ተከትሎ የተነሣው እሳት የከተማዋን የልደት መዝገብ በላው። ከዚያ በኋላ «እኔም እዚሁ ነው የተወለድኩት» የሚልን ሰው በምን ማስተባበል ይቻላል?

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ዜግነቱ የታወቀለት ሰው ቻይና ሄዶ ይመለሳል። ሲመለስ «ወንድ ልጅ ተወልዶልኛል» ብሎ ያስመዘግባል። ከዓመታት በኋላ በዚያ ስም አንድ ጎረምሳ በመርከብ ይመጣል። አንዳንዱ የእውነት ልጁ ነው። አንዳንዱ የወንድሙ ልጅ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ስሙን በገንዘብ የገዛ የማያውቀው ሰው ነው። «የወረቀት ልጆች» ተባሉ። እኛ «የወረቀት ጋብቻ» እንደምንለው መሆኑ ነው።

መንግሥትም ዝም አላለም። ከ1910 እስከ 1940 በሳንፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ባለችው ኤንጀል አይላንድ ደሴት ላይ መጤዎችን እያቆየ ይመረምር ነበር። ልጁ ለብቻ፣ አባቱ ለብቻ ይጠየቃሉ። የቤታችሁ በር ወዴት ይዞራል? ደጃፉ ላይ ስንት ደረጃ አለ? የሩዝ ማስቀመጫው የት ነው? ሦስተኛው ቤት የማን ነው? ከዚያ መልሶቹ ጎን ለጎን ይታያሉ። ካልገጠሙ ወደ ቻይና መመለስ ሊመጣ ነው።

እስቲ ራሳችሁን ፈትኑ። ክፍለ ሀገር ያለው የአያታችሁ ቤት ስንት መስኮት አለው? ከእናታችሁ ጋር ሳትመካከሩ አንድ ዓይነት መልስ ትሰጣላችሁ? እኔ አልሰጥም። የወረቀት ልጆች ግን ይሰጡ ነበር፤ የጥያቄና መልስ ደብተር መርከብ ላይ ሲሸመድዱ ከርመው ሊደርሱ ሲሉ ባሕር ውስጥ ይጥሉታል። የእውነት ልጅ ደረጃ ቆጥሮ አያውቅምና አንዳንዱ እሱ ራሱ ይወድቃል። እናም እውነተኛውም ቤተሰብ ማጥናት ጀመረ!

የቻይናውያን እገዳ በ1943 ተነሣ፤ ቻይና በጦርነቱ የአሜሪካ አጋር ስለነበረች ነው። የተሰጣቸው ኮታ ግን በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር። ከ1956 ጀምሮ መንግሥት «እውነቱን ተናገሩና ወረቀታችሁን እናስተካክል» ብሎ ከ13 ሺህ በላይ ሰው ተናዘዘ። ያልተናዘዙት በተገዛው ስም ኖረው በዚያው ስም ሞቱ። አንዳንዶቹ መቃብራቸው ላይ በእንግሊዝኛ የወረቀቱ ስም፣ በቻይንኛ ደግሞ የእውነተኛው አባት ስም ተጽፏል። የአባት ስም ከስማችን ጋር ለሚጠራው ለእኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ያልታሰበው በር

አሁን ወደ ራሳችን እንቅረብ። ከ1920ዎቹ ጀምሮ አሜሪካ ለየአገሩ ኮታ ትመድብ ነበር። በ1929 በተደለደለው ኮታ ብሪታንያና ሰሜን አየርላንድ በዓመት 65,721 ሰው ደረሳቸው። ኢትዮጵያ? 100።

ፕሬዚዳንት ጆንሰን ይህን ኮታ የሻረውን ሕግ ጥቅምት 3 ቀን 1965 በነጻነት ሐውልት ሥር ፈረሙ። የመንግሥት የመጀመሪያ ሐሳብ ሙያ ላላቸው ቅድሚያ መስጠት ነበር። የኦሃዮው የምክር ቤት አባል ማይክል ፊጋን ግን ቤተሰብ ይቅደም አሉ። ስሌታቸው ቀላል ነው፦ አሜሪካ ውስጥ ዘመድ ያለው አውሮፓዊ ነው፤ ስለዚህ የሚመጣውም አውሮፓዊ ይሆናል። በመጨረሻም ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከአፍሪካ ለሚመጡት ከተመደበው ቪዛ 74 በመቶው ለዘመድ ሆነ። የዜጎች ባልና ሚስት፣ ትንንሽ ልጆችና ወላጆች ደግሞ ከኮታው ውጪ ናቸው።

ታሪክ ግን ሳቀችባቸው። አውሮፓዊው አገሩ ተመችቶት ቀረ። በሩን የተጠቀሙበት እስያውያን፣ ላቲኖች፣ ቆይቶም እኛ ነን። ከደርግ ሸሽቶ ሱዳን የገባው ወገናችን በ1980ው የስደተኞች ሕግ አሜሪካ ተሻገረ። ግሪን ካርድ ያዘ፤ ዜጋ ሆነ፤ ከዚያ ሚስቱን፣ እናቱን፣ ወንድሙን ጠራ። ዛሬ ዋሽንግተን ዙሪያ ያለው የሐበሻ ሰፈር በከፊል የተሠራው ለሌላ ሰው ተብሎ በተከፈተ በር ነው።

ከምራቅ የወጣ ውጤት

በ2008 ጥያቄዋ መልኳን ቀየረች። አሜሪካ ስደተኛ የቅርብ ቤተሰቡን በሚያስመጣበት ፕሮግራም ላይ የዲኤንኤ ሙከራ ጀመረች። መጀመሪያ ናይሮቢ 500 ያህል ሰዎች ተመረመሩ፤ አብዛኞቹ ሶማሊያውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ቀጥሎ ኢትዮጵያን ጨምሮ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ወደ 3,000 ሰው ደረሰ። የተባለው የሥጋ ዝምድና በሙሉ የተረጋገጠው ከ20 በመቶ ባነሱት ቤተሰቦች ብቻ ነው። በቀሩት ወይ ቢያንስ አንድ ሰው አልገጠመም፣ ወይ ምርመራውን አልቀበልም ያለ አለ። ፕሮግራሙ ቆመ። የተከፈተው በ2012 ነው፤ ወላጅና ልጅ ነን የሚሉ የዲኤንኤ ውጤት እንዲያቀርቡ ተደርጎ።

ማጭበርበር አልነበረም ልላችሁ አልችልም። ቦታ የሚሸጥና የሚገዛ ነበር፤ ለሌላ ሰው በተሸጠው ቦታ የእውነተኛ ልጅ ተራ እንደጠፋም መርሳት የለብንም። ቁጥሩ ግን የማይናገረው ነገር አለ። እህቷ ስትሞት ልጇን ወስዳ ያሳደገች ሴት «ልጄ ነው» ስትል ዋሸች? እኛ አገር እንዲህ ያለው ልጅ እየተባለ ያድጋል እንጂ «የእህቴ ልጅ» አይባልም። ጉዲፈቻም ዘመናዊ ሕግ ሳይመጣ የነበረ ባህላችን ነው። ምራቅ ግን ማን እንደወለደ እንጂ ማን እንዳሳደገ አይናገርም።

ሕጉ ጉዲፈቻን አይቀበልም ማለት አይደለም። በመደበኛው የቤተሰብ ቪዛ የጉዲፈቻ ልጅ በጥቅሉ 16 ዓመት ሳይሞላው በሕግ ጉዲፈቻ መደረግ፣ ከአሳዳጊው ጋርም ሁለት ዓመት መኖር አለበት። በቃል ብቻ ልጅ የሆነ ልጅ ግን ለኤምባሲ ባዕድ ነው። እኛ ደግሞ ልደትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመርነው በ2016 ነው!

እንግዲህ ከኤንጀል አይላንድ እስከ አዲስ አበባ ያለው ነገር አንድ ነው። መንግሥት በሩን በቤተሰብ ስም ይከፍታል፤ ቤተሰብ ማለት ማን እንደሆነ የሚወስነው ግን ራሱ ነው። ደጅ የቆመው ሰው ቤተሰቡን በፎርሙ ልክ ይቆርጣል ወይም ይቀጥላል። የቀጠሉት የወረቀት ልጆች ተባሉ፤ ታሪክም ተጻፈላቸው። የተቆረጡት ግን ስም እንኳ የላቸውም። ፎርሙ ላይ «የልጆች ብዛት» በሚለው መስመር አራት ሊባል ሲገባ ሦስት ተጽፎ፣ አራተኛው አያቱ ጋር የቀረ ልጅ በየሰፈራችን አለ። እሱን «እናትህ ማን ናት?» ብላችሁ ብትጠይቁት ሳያጠና ይመልስላችኋል።