የሳተላይት ኢንተርኔት ከገጠሩ ደጃፍ ያልደረሰው ለምንድን ነው?

ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳ እና እስቴ መልክዓ ምድራቸው ለቴሌኮም ዝርጋታ የማይመች የደቡብ ጎንደር ዞን ወረዳዎች ናቸው። በአንድ በኩል ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ ይገኛል። በሌላ በኩል ወደ በሽሎና ወደ አባይ የሚወርዱ ጥልቅ ሸለቆዎች አሉ። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ከተማ ስልኩ የሚሠራለት ሰው ወደ ቆላው ሲወርድ ኔትወርክ ሊጠፋበት ይችላል። የሞባይል ሞገድ ተራራን ሰንጥቆ አያልፍምና። ለየሸለቆው ማማ መትከል፣ ለየማማውም መንገድና የኤሌክትሪክ ኃይል ማድረስ ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል፤ በዚያ አካባቢ የሚገኘው ደንበኛ ግን ጥቂት ነው።

ችግሩ የእነዚህ ወረዳዎች ብቻ አይደለም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.አ.አ በ2024 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 2 ነጥብ 6 ቢሊዮን ሕዝብ ኢንተርኔት አይጠቀምም ነበር። በከተማ ከሚኖረው ሕዝብ 83 በመቶ የሚሆነው ተጠቃሚ ሲሆን በገጠር ያለው ድርሻ ግን 48 በመቶ ነበር። ሳተላይት ይህን ክፍተት ያጠብባል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ቴክኖሎጂ ነው። ኾኖም በብዙ ታዳጊ ሀገራት እንቅፋት የኾነው ቴክኖሎጂው ሳይኾን ፈቃድ፣ የገበያ ፉክክር እና የጸጥታ ሥጋት ነው።

ለሀገሪቱ አዲስ አይደለም

ኢትዮጵያ ከሳተላይት ግንኙነት ጋር የተዋወቀችው ቀደም ብላ ነው። የሱሉልታ የሳተላይት መሬት ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነበር። በ1990ዎቹ ማብቂያ ደግሞ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን የሚያገናኘው ወረዳኔት እና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ትምህርት የሚያሰራጨው ስኩልኔት ተዘርግተዋል። ሁለቱም በሳተላይት ዲሽ የሚጠቀሙ ነበሩ። በዚያ ዘመን የተማረ የገጠር ወጣት የፕላዝማ ትምህርቱን ያገኘው ከሰማይ በወረደ ሞገድ ነው።

ያ ትውልድ ሳተላይት ከምድር 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ በመኾኑ መልእክቱ ሄዶ እስኪመለስ ይዘገያል፤ ዋጋውም ከፍተኛ ነው። እንደ ስታርሊንክ ያሉ አዳዲስ ኩባንያዎች ግን በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ሳተላይቶችን 550 ኪሎ ሜትር በሚኾን ከፍታ ላይ ያሰማራሉ። በዚህም ፍጥነቱ ጨምሯል፤ የሚያስፈልገው ዲሽም አንድ ሰው ተሸክሞት የሚሄድ ኾኗል።

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ያመጠቀችው የመጀመሪያ ሳተላይት ምድርን የሚቃኝ እንጂ ኢንተርኔት የሚያቀርብ አለመኾኑን መለየት ይገባል። አገልግሎቱም ለግብርና፣ ለውኃ እና ለአካባቢ ጥበቃ የሚውል መረጃ መሰብሰብ ነበር።

መቀበል እና መላክ

በየቤቱ ጣሪያ ላይ የሚታየው የቴሌቪዥን ዲሽ ሞገድ ይቀበላል እንጂ አይልክም። የኢንተርኔት ዲሽ ግን ይቀበላልም ይልካልም። መላክ የሬዲዮ ሞገድ መጠቀም ነው። የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ እንደ መሬትና እንደ ውኃ ውስን የሕዝብ ሀብት በመኾኑ መንግሥታት ማን፣ የትኛውን ሞገድ፣ በምን ክፍያ እንደሚጠቀም ይወስናሉ። ፈቃድ የሚጠየቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ይህን የመወሰን ሥልጣን ያለው በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ በአንድ መንግሥታዊ ድርጅት ተይዞ የቆየውን የቴሌኮም ዘርፍ ለሌሎች ኩባንያዎች የከፈተ ነው። በዚህ መሠረት ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ጀምሯል። ለቤተሰብ በቀጥታ የሚሸጥ፣ ፈቃድ ያለው የሳተላይት ኢንተርኔት ግን እስከ 2017 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ አልተጀመረም።

ያለ ፈቃድ የሚገባ መሣሪያ ብርቱ ቅጣት ያስከትላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ወደ ሀገር ማስገባትን ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። ጉዳዩ ግለሰቦችን ብቻ አይመለከትም። መንግሥት በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የሦስት የረድኤት ድርጅቶችን ሥራ ለሦስት ወር ባገደበት ወቅት ካቀረባቸው ክሶች አንዱ ያለ ፈቃድ የሳተላይት ሬዲዮ መሣሪያ ማስገባትና መጠቀም ነበር።

መንግሥታት ለምን ያመነታሉ?

የመጀመሪያው ምክንያት ጸጥታ እና ቁጥጥር ነው። በማማና በፋይበር የሚመጣ ኢንተርኔት በሀገር ውስጥ ባለ ድርጅት በኩል ያልፋል፤ መንግሥት ሲሻ ያዝዘዋል፣ ይዘጋዋልም። ከውጭ ኩባንያ ሳተላይት በቀጥታ የሚወርደው ግን በዚያ በር አያልፍም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተከሰተውን ግጭት ተከትሎ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ወቅት ነጋዴው፣ ተማሪው፣ የባንክ ደንበኛውም ተቸግረዋል። ለነዋሪው የሳተላይት ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። መንግሥታት ቴክኖሎጂውን በጥርጣሬ የሚያዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። በጦርነት ውስጥ በምትገኘው ሱዳን ዲሹን ሲቪሎችም ታጣቂዎችም ተጠቅመውበታል።

ሁለተኛው ምክንያት ገበያ ነው። ፈቃድ ለማግኘት ብዙ ገንዘብ የከፈለ፣ ማማ የተከለ፣ ግብር የሚከፍል ድርጅት ከሰማይ የሚመጣ ተፎካካሪን በደስታ አይቀበልም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ለፈቃዱ የከፈለው 850 ሚሊዮን ዶላር ነው። በኬንያ ሳፋሪኮም በ2016 ዓ.ም. ክረምት ለሀገሪቱ ተቆጣጣሪ አካል በጻፈው ደብዳቤ የሳተላይት ኩባንያዎች ራሳቸውን ችለው ሳይኾን ከሀገር ውስጥ አቅራቢዎች ጋር በአጋርነት እንዲሠሩ ጠይቆ ነበር።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። መሣሪያውም ወርኃዊ ክፍያውም መነሻቸው ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር የመግዛት አቅም ቀንሷል። ስለዚህ ፈቃዱ ቢሰጥ እንኳ ዋጋው ለአንድ አርሶ አደር ቤተሰብ የሚቀመስ አይኾንም። መብራት በሌለበት ቀበሌ ደግሞ ዲሹን የሚያንቀሳቅስ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ተጨማሪ ወጪ ነው።

የሌሎች ሀገራት ተሞክሮ

ናይጄሪያ፣ ሩዋንዳ እና ኬንያ በ2015 ዓ.ም. በራቸውን ከፍተዋል። ሶማሊያም በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ፈቃድ ሰጥታለች። ካሜሩን በአንጻሩ በ2016 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ የሚገቡ የስታርሊንክ መሣሪያዎች በወደብ እንዲያዙ አዝዛለች። በደቡብ አፍሪካ አስቸጋሪው ጉዳይ የቴሌኮም ፈቃድ የሚወስድ ኩባንያ 30 በመቶ ድርሻ ቀድሞ በዘር መድልዎ ለተገለሉ ዜጎች እንዲኾን የሚያዘው ሕግ ነው። ሕንድ በ2014 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ ደንበኛ መመዝገብን አስቁማ በ2017 ዓ.ም. ፈቃድ ሰጥታለች። የሕንድ መንገድ እንደሚያሳየው ክልከላ ዘላቂ መኾን የለበትም፤ መንግሥት ቅድመ ሁኔታውን ለይቶ ካስቀመጠ ኩባንያዎች ሊያሟሉት ይችላሉ።

ፈቃድ መስጠት ብቻውንም መፍትሔ አይደለም። በኬንያ አገልግሎቱ በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት በናይሮቢና በአካባቢው የደንበኛው ብዛት ከአቅም በላይ በመኾኑ አዲስ ምዝገባ ለጊዜው ቆሞ ነበር። የጠረፍና የገጠር ነዋሪ ተጠቃሚ እንዲኾን የታሰበው አገልግሎት መጀመሪያ የጎረፈው ገንዘብ ወዳለበት ከተማ ነበር።

ለጋይንት፣ ለስማዳ እና ለእስቴ ምን ማለት ነው?

ለእነዚህ ወረዳዎች የሚቀርበው አማራጭ ዲሽ በየጎጆው መትከል አይደለም። ፈቃድ ያለው አቅራቢ ፋይበር በማይደርስበት ሸለቆ የሚተክለውን ማማ በሳተላይት ከዋናው መስመር ጋር ቢያገናኘው ነዋሪው በእጁ ባለው ስልክ ይጠቀማል፤ አዲስ መሣሪያም መግዛት አይጠበቅበትም። ሌላው መንገድ ለጤና ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበር እና ለቀበሌ ጽሕፈት ቤት አንድ የጋራ ዲሽ ማቅረብ ነው። ወጪውን ብዙ ሰው ሲጋራው ይቀልላል።

ለዚህ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ለገጠር አገልግሎት የተለየ፣ ክፍያው ዝቅ ያለ የፈቃድ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ለተቋማት የሚገቡ መሣሪያዎች በምን ያህል ጊዜና በየትኛው ቢሮ እንደሚፈቀዱ በግልጽ ማሳወቅ ነው። ሦስተኛው አገልግሎት በምን ሁኔታ፣ በማን ትእዛዝ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቋረጥ በሕግ መወሰን ነው። የመጨረሻው ካልተመለሰ ማማውም ዲሹም እኩል ይዘጋሉ።

እስከዚያው ነዋሪው ሊጠነቀቅ የሚገባው ጉዳይ አለ። ከጎረቤት ሀገር በኮንትሮባንድ የገባ ዲሽ ገዢውን ለክስ ሊዳርገው ይችላል፤ ኩባንያው አገልግሎቱን ካቋረጠውም ገንዘቡ ቀልጦ ይቀራል። ኢንተርኔት ለሌለው አርሶ አደር ደግሞ በተራ ስልክ 8028 በመደወል የግብርና ምክር የሚሰማበት አማራጭ አለ። ይህ አገልግሎት ቢያንስ የድምፅ ኔትወርክ ይፈልጋል። ከጉና ማዶ ባሉ ቆላማ ቀበሌዎች የሚጎድለው ግን አንዳንድ ጊዜ እርሱም ነው።