ዘፈኑ ተርፏል፤ ስርጭቱስ?

የድሮ ዘፈን ጠፍቷል ሲባል ትሰማላችሁ። ዘፈኑስ ያን ያህል አልጠፋም። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምኃ ሬከርድስ ያሳተማቸው ብዙ ሸክላዎች ዛሬም ይሰማሉ፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ አልበም ለዓለም አዳርሷቸዋል። ከእጃችን እያመለጠ ያለው ዘፈኑ የተላለፈበት የሬዲዮ ሰዓት ነው፦ የአቅራቢው ድምፅ፣ «ለእገሌ ይጋበዝልኝ» የሚለው ምርጫ፣ በመሀል የገባው ማስታወቂያ። ይሄ ሁሉ ሸክላው ላይ የለም።

መቐለ ያለችውን ዓይደርን ብዙ ሰው የሚያውቃት በሆስፒታሏ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ላይ ከአየር በተጣለው ቦምብ ነው። ሰፈር ግን በሐዘኑ ብቻ አይታወቅም፤ ሲሰማው በኖረውም ይታወቃል። በደርግ ዘመን አንዱ የመቐለ ሬዲዮ ሁለት ዓይነት ድምፅ ነበረው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲሆን ድምፁ ከፍ ይላል፤ የኪሮስ ዓለማየሁ ትግርኛ ዘፈን ቋንቋውን የማይሰማውን ሰው ሳይቀር ያስጨፍር ነበር። በ1977 ዓ.ም. ከበረሃ የጀመረው ድምፂ ወያነ ሲሆን ግን በር ተዘግቶ፣ ድምፁ ተቀንሶ ነው። ሙዚቃው በሁለቱም አለ፤ ለማዳመጥ የሚከፈለው ዋጋ ግን ለየቅል ነበር። ካሴት ላይ ቢገኝ ይህን ልዩነት ራሱ ድምፁ ይነግረናል፤ አንዱ ጥርት ያለ፣ ሌላው በአጭር ሞገድ ሹክሹክታ የተሞላ።

ጣቢያዎቹ ለምን አላስቀመጡትም? ቴፕ ውድ ነበር፤ አንዱን ፕሮግራም አጥፍቶ ሌላ መቅዳት በዓለም ዙሪያ የተለመደ አሠራር ነበር። ቢቢሲ እንኳ የቢትልስን የሬዲዮ ቅጂዎች አብዛኞቹን አላቆየም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው አልበም ሲዘጋጅ አንዳንዶቹ የተገኙት አድማጮች እቤታቸው ከሬዲዮ ከቀዷቸው ቴፖች ነው። ቤተ መዛግብቱ ያላቆየውን አድማጩ አቆየው ማለት ነው።

የእኛም ተስፋ እዚያው ነው፤ ሳጥን ውስጥና አልጋ ስር። ግን ጊዜው አጭር ነው። የቴፑ ማግኔታዊ ሽፋን በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል፤ የማጫወቻው መለዋወጫም እየጠፋ ነው። በዚህ ምክንያት ዩኔስኮና የዓለም አቀፉ የድምፅ ቤተ መዛግብት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ማግኔታዊ ቴፕ የማስጠንቀቂያ ዘመቻ ጀምረዋል። ትግራይ ላይ ደግሞ ጦርነት ተጨመረ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሸሽ፣ ካሴት ማን ይሸከማል?

ስለዚህ እናትና አባታችሁ ጋ፣ አያቶቻችሁ ጋ ካሴት ካለ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ በጀርባው ጠርዝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ፤ ከዚያ በኋላ በስህተት ሊቀዳበት አይችልም። የቴፑን ጭንቅላት በአልኮል አጽዱ። ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጡ ኤምፒስሪ ሳይሆን ዌቭ ይሁን። የ60 ደቂቃ ካሴት በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ 50 ካሴት አንድ ባለ 64 ፍላሽ ውስጥ ይገባል። ማስታወቂያውን፣ ዜናውን፣ ጩኸቱን አትቁረጡ፤ ቀኑን የሚነግረን እሱ ነው። እቤት ማስቀመጥና ለሕዝብ መልቀቅ ደግሞ የተለያዩ ናቸው፤ ለመልቀቅ የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ግን አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ማነው የሚናገረው? የት ሆናችሁ ሰማችሁት? ማን ቀዳው?» መልሱንም ቅዱ። ቴፑ ምናልባት አሥር ዓመት ይታገስ ይሆናል። ያንን ድምፅ ሰምቶ «እሱ እኮ እገሌ ነው» የሚለው ሰው ግን ያን ያህል ላይቆይ ይችላል።