የዘመመው የአክሱም ሐውልት

በአዳማ፣ በሞጆ ወይም በባቱ ያላችሁ፣ ክረምት ሲያልፍ ዘመም ያለ የአጥር ቋሚ ሳታዩ አልቀራችሁም። እንጨቱ አልተሰበረም፤ የለቀቀው አፈሩ ነው። ዛሬ የምንነጋገረውም ስለ ዘመመ ነገር ነው። ግን እንጨት አይደለም፤ 21 ሜትር ያህል ቁመት ያለው አንድ ወጥ ድንጋይ ነው።

ይህ ድንጋይ አክሱም ያለው የንጉሥ ኢዛና ሐውልት የሚባለው ነው። ተፈልጦ የመጣው ከከተማው በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለው ከጎቦድራ ተራራ ነው። ከ1,600 ዓመት በላይ ሳይወድቅ ኖሯል።

ታዲያ የዘመመ ነገር እንዴት ይቆማል? ግንበኛ ቱንቢ ሲጥል አይታችኋል አይደል? ከሐውልቱ የክብደት መሐል ላይ ቱንቢ ወደ ታች ቢጣል፣ ክሩ ከእግሩ ወርድ ካልወጣ ሐውልቱ ይቆማል። ከወጣ ግን መሬቱ አጥብቆ ካልያዘው ይወድቃል። እዚያው የተጋደመውን ትልቁን ሐውልት ተመልከቱ። ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ክብደቱ 520 ቶን ያህል ነው፤ መሬት ውስጥ የገባው እግሩ ግን አጭር ነበር። ብዙ ተመራማሪዎች ገና ሲያቆሙት ወይም ቆሞ ብዙ ሳይቆይ እንደ ወደቀ ይገምታሉ።

በዓለም የታወቀው ዘማማ ግን በኢጣሊያ አገር፣ በፒዛ ከተማ ያለው የደወል ግንብ ነው። ሥራው የተጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1173 ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ፣ በአንድ ወገን ያለው ለስላሳ አፈር ሰመጠ። በ1934 የሙሶሊኒ መንግሥት አቃናለሁ ብሎ መሠረቱ ውስጥ ሲሚንቶ አስገባ። ግንቡ ይባስ ዘመመ! እንግዲህ ይኸው መንግሥት ነው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በእኛ በ1929 ዓ.ም.፣ ወድቆ ተሰባብሮ የነበረውን 24 ሜትር የሚሆን ሌላ የአክሱም ሐውልት ወደ ሮም ያጋዘው። የራሱን ሳያቃና የሰው ወሰደ።

በኋላ መሐንዲሶች ከግንቡ በሌላው ወገን ያለውን አፈር ጥቂት በጥቂት አወጡ። ግንቡም ወደዚያ ሰመጠና ጫፉ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ተመለሰ።

አክሱም ላይ ግን አፈር ማውጣት እንዲህ በቀላሉ የሚደፈር አይደለም። በሐውልቶቹ አካባቢ ከመሬት በታች የጥንት መቃብሮች አሉ። ከሮም የተመለሰው ሐውልት በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን መጣ፤ በ2000 ዓ.ም. ከኢዛና ሐውልት አጠገብ ቆመ። ሥራው ሲካሄድ ያሳሰበው ጎረቤቱ ነበር፤ ከባዱ ድንጋይ ሲነሣ መሬቱ ቢነቃነቅስ? ስለዚህ መሐንዲሶቹ አስቀድመው የዘመመውን ሐውልት በብረት ደገፉት።